መልስ ያለው መጽሐፍ

ቅናተኛ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማንን ፈርቼ እደብቀዋለሁ? ያኔ አሰላ ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በአጥር ተጎራብቼ ስኖር፣ በሰውየው ልጅ የተነሳ ሆዴ ሲቃጠል ነበር የምውለው። እኔ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ከረባት አስሬ እወጣለሁ። እሱ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ሲያንቀጫቅጭ የሚውል፣ የቆጠራት ፊደል እንኳ ከስሙ የማታልፍ ሰው ነው። የኔ ልጅና የሱ ልጅ ሰባተኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። ልጅቷ በሒሳብ አንደኛ ናት። የኔው ደግሞ... ኧረ ተዉት።

አንድ ቀን ህንዳዊው የሒሳብ አስተማሪያቸው አስጠራኝ። ልጄ ክፍልፋይ ላይና ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች ላይ ደካማ እንደሆነ፣ በቁጥር ቦታ ፊደል ሲያይ ደግሞ ጭራሽ እንደሚደነግጥ ነገረኝ። በሚመጣው ዓመት አልጀብራ ይጀመራል፤ መሠረቱ አሁን ካልጠነከረ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አያልፍም አለኝ። በዚያ ዘመን ያንን ፈተና የወደቀ ልጅ ትምህርቱ እዚያው ላይ ያበቃል። «ጥሩ መጽሐፍ ይምረጡለትና በየቀኑ ይሥራ» ሲለኝ፣ ከአፌ የወጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«የልብስ ሰፊው ልጅ የምታጠናው በምን መጽሐፍ ነው?»

የሷን መጽሐፍ በአጥር አሻግሬ አየሁት። አባቷ ሁሩታ ገበያ ያገኘላት አሮጌ ነገር ነው። ሽፋን የለውም፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች በርበሬ ተጠቅልሎባቸው አልቀዋል። በዚህ ቡትቶ ነው የኔን ልጅ የምትበልጠው?

አዲስ አበባ ወረድኩ። መጽሐፍ ሻጩ ሁለት አቀረበልኝ። አንደኛው ቀጭን ነው፤ እያንዳንዱን ነገር ከሥሩ እያብራራ ይሄዳል። ሁለተኛው ወፍራም፣ ቀይ ጥራዝ፣ የጥያቄዎቹ ሁሉ መልስ ከኋላ የታተመበት። እኔ ሒሳብ ላይ እምብዛም ነኝ፤ መልሱ ካለ ግን ልጄን ማረም አያቅተኝም። ደግሞ ልጅቷ የሌላት ይኼው መልሱ ነው። ቀዩን ይዤ ተመለስኩ።

ሰው ሁሉ መጽሐፉን በጋዜጣ ይለብጣል፤ እኔ ግን እንዳይለበጥ ከለከልኩ። ልጄንም በዚያ በጭላሎ ተራራ ብርድ በረንዳ ላይ አስቀምጬ አስጠናው ነበር፤ ጎረቤቴ ቀዩን ይይልኛ! ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጥያቄ አልሳተም። እሰይ የኔ አንበሳ! ደስታዬን አልቻልኩትም። አንድ ቅዳሜ ልጄን ቀዩን መጽሐፍ አስይዤ፣ አስከትዬው፣ ሰላም ለማለት የመጣሁ መስዬ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ የሠራትን አንዷን ጥያቄ መረጥኩ። የአንድ ቁጥር ሦስት እጥፍ ላይ አምስት ቢቀነስ አሥራ ስድስት ይቀራል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? «ሰባት!» አለ ልጄ፣ ልጅቷ እርሳስ እንኳ ሳታነሳ። ደረቴ ተነፋ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። አሥራ ስድስቱን ሃያ ሁለት አደረግሁት።

ልጄ የቀዩን መጽሐፍ የኋላ ገጾች ማገላበጥ ጀመረ። እሷ ትንሽ ጫር ጫር አደረገችና «ዘጠኝ» አለች። ከዚያ ለራሷ አንሾካሾከች፦ «ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ሃያ ሰባት፤ አምስት ሲነሳ ሃያ ሁለት። ልክ ነው።» መልስ የሚነግራት ገጽ ስለሌላት፣ ያገኘችውን ቁጥር ወደ ጥያቄው እየመለሰች ነው የምታረጋግጠው። የኔው ጉድ ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኋላ ሲገለብጥ ነው የከረመው።

ያን ዕለት ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ልጄን ያሰነፈው መጽሐፍ እሷንም ያስንፍልኝ ብዬ፣ ፊቴን አብርቼ ለአባትዬው «እንለዋወጥ» አልኩት። «ጎበዝ ልጅ በተቀዳደደ መጽሐፍ ስታጠና አላስቻለኝም። አዲሱን እሷ ትያዘው፤ ለኔ ልጅ አሮጌው ይበቃዋል።»

ሰውየው ከመኪናው ተነስቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለ በቋንቋው አመሰገነኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ በልቤ አሁን እናያለን እላለሁ።

በማግስቱ ቀዩን መጽሐፍ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ደጄ ቆመ።

«ጌታው፣ መጽሐፍዎን አበላሸሁብዎ፤ አፉ ይበሉኝ» አለ። «ልጅቷ ገና ቤት ሳንገባ፣ ‹አባባ፣ የኋላውን ስፋልኝ፤ መልሱን ካየሁ እሰንፋለሁ› ብላ አስጨነቀችኝ። ለልጅዎ የሚፈልጉት ከሆነ ግን ክሩን አሁኑኑ እፈታዋለሁ።»

የመልሶቹ ገጾች ዙሪያቸውን በነጭ ክር ተሰፍተዋል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ምን እላለሁ? «ደግ አደረግህ» አልኩት።

ልጄ አንድ ሳምንት በአሮጌው መጽሐፍ ላይ አለቀሰ። ከዚያ እሱም ያገኘውን ቁጥር እየመለሰ ማረጋገጥ ለመደ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም አለፉ። እሷ በከፍተኛ ውጤት፣ እሱ ለጥቂት።

ልብስ ሰፊው እስኪሞት ድረስ በየሰርጉና በየለቅሶው ይህንኑ ሲያወራ ኖረ። «የልጁን አዲስ መጽሐፍ ለኔ ልጅ የሰጠ ሰው ነው፤ አላህ ዕድሜ ይስጠው!» ይላል በሰው ሁሉ ፊት። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ፣ ሰው እንደሚያደርገው፣ አሜን እላለሁ።