እንብላ፣ በጣሊያን ባህር ዳር

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን ምግብ አስጠላት። የምትኖርበት ጌዶ ከተማ ያለው ሐኪም መርምሯት ምንም በሽታ የለባትም አለ። እኔ ከአምቦ በየቀኑ እየደወልኩ «በላሽ?» እላታለሁ፤ እሷም «በላሁ» ትላለች። ቅዳሜ ስሄድ ግን ቀሚሷ ሰፍቷት አገኛታለሁ። አርባ ዓመት ከአንድ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ የበላች ሴት ብቻዋን መጉረስ እንደማይሆንላት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያኔ የማውቀው መቆጣት ብቻ ነበር።

የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ሳምንት ስልጠና ጣሊያን ሲልከኝ ይዣት ሄድኩ። የባህር አየር የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ያለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እሱ ራሱ ባህር አይቶ አያውቅም። ሆቴላችን ከጄኖቫ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል በምትርቅ ትንሽ የወደብ ከተማ፣ ባህሩ አፋፍ ላይ የተሠራ አሮጌ ቤት ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ብዙ ካየች በኋላ «የወንጪ ሐይቅ እንኳ ማዶ አለው» አለች። እራት ላይ ጋዝ ያለው ውሃ ሲቀርብላት ግን ፊቷ ፈታ አለና «ይሄስ የአገራችን ነው» ብላ ጠጣች። ምግቡን አልነካችውም።

ስልጠናው ጠዋት ወስዶኝ ማታ ነው የሚመልሰኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቁርሷም ምሳዋም እንደቀረበ መነሳቱን አስተናጋጇ በእጇ ምልክት ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ያመጣሁሽ በረሃብ ልትቀጪኝ ነው? ብዬ ጮህኩባት። እሷ ረጋ ብላ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ከስልጠናው አርፍጄ ቁርስ ላይ ልጠብቃት ተቀመጥኩ። ያየሁት ነገር አንገቴን አስደፋኝ። እናቴ ዳቦና አይብ ፊቷ አስቀምጣ፣ በበሩ ለሚገባ ሁሉ እጇን ወደ ሳህኑ እየዘረጋች «እንብላ» ትላለች። በእኛ አገር የሚበላ ሰው መጪውን «እንብላ» ይለዋል፤ መጪውም «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ግብዣው የምር ከሆነ «በሞቴ» ይከተላል፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጣሊያኖቹ ግን ሰላምታ መስሏቸው ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ያልፋሉ። ቤታችን የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ግን እንደ ቢሮ በአማርኛ ማናገር ይገባል ብላ ስለምታምን፣ የጋበዘቻቸውም በአማርኛ ነበር። እማዬ ተይ፣ አሳፈርሽኝ አልኳት። ሳህኑን ወደ በሩ ጠጋ አደረገችው።

በመስኮቱ በኩል ሁልጊዜ ብቻቸውን የሚበሉ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ሲገቡ እናቴ እንደገና «እንብላ» አለችና አጠገቧ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገች። ሽማግሌው ቆሙ። ወንበሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ተቀመጡ።

እናቴ ጴንጤ ናት፤ ሳይጸለይ አይበላም። በኦሮምኛ የጀመረችው ጸሎት ጌዶን ዞሮ፣ ሸነን ከተማ ያሉትን ዘመዶች ጠይቆ፣ ለመንገደኛውም ለከብቱም ደርሶ ሲመለስ የሽማግሌው ቡና ቀዘቀዘ። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና «አሜን» አሉ። ከዚያ ቆርሳ አጎረሰቻቸው። እኔ ፊቴን በመሐረብ ሸፈንኩ። ስገልጠው እሷም እያኘከች ነበር። ስድስት ጊዜ ስትጎርስ ቆጥሬ እንባዬ መጣ። ስልጠና አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሚፈልገኝ ጠፋ። ማታ ማታ ስመለስ የባህሩን ዳርቻ የምትተርክልኝ እሷ ናት። ሽማግሌውና እዚያው ሆቴል ያረፉ ሁለት እህትማማቾች በባቡር ይዘዋት ይዞራሉ። ተራራ ላይ ወደተለጠፈ መንደር ሲወስዷት የደረጃውን ብዛት አይታ «ፈረሱ የታለ?» ብላ ቆማለች፤ ወደ ወንጪ ሐይቅ ቁልቁለቱን የወረደችው በፈረስ ነበራ። ጀልባ ላይ የሽማግሌውን እጅጌ ይዛ እስከ ወደቡ ድረስ መዝሙር ዘምራለች። በየደረሱበት ዓሣ በልታለች። ሰልጣኟ እኔ ከዚያ ሁሉ ያየሁት የስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ ነው።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ በዋዜማው ማታ ሻንጣ ሳዘጋጅ እራት ስላመለጠኝ፣ ሆዴ እየጮኸ ወረድኩ። እናቴ፣ ሽማግሌው፣ እህትማማቾቹና አስተናጋጇ ሳይቀሩ አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። ሲያዩኝ ሁሉም በአንድ ድምፅ «እንብላ» አሉኝ።

አፌ ልማዱን አልረሳም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ብሉ፣ ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። እነሱም በአክብሮት ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ምግባቸው ተመለሱ። «በሞቴ» እስኪሉኝ ቆሜ ጠበቅኩ። እናቴን አየኋት፤ አፏ ሞልቶ መናገር አልቻለችም። እንደቆምኩ የአውሮፕላን ጣቢያው መኪና መጣ።

መንገድ ላይ አኮረፍኩ። ምነው አንዴ እንኳ ብትለምኚኝ አልኳት።

«‹እንብላ›ን ነው ያስተማርኳቸው። ‹በሞቴ›ን ለነገ ብዬ አቆይቼው ነበር» አለችና ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቺ ልጅ ግን ከስተሻል። ምነው፣ ምግብ አትበዪም እንዴ?»