አንድ ሺህ ዋት ለገመዱ

አዘዞ የምንኖርበት ግቢ አራት ቤት ነው፤ ቆጣሪው ግን አንድ። ከቆጣሪው የተነሳው ቀጭን ገመድ ለሦስቱ ጎረቤቶች አዳርሶ መጨረሻ ላይ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ወፍራም ለማስዘርጋት አመልክተን ተራ እየጠበቅን ነው።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዘንድሮ ሳንባቸው ደከመና ኦክስጅን ከአየር አጣርቶ የሚሰጥ ማሽን ታዘዘላቸው። የሚፈልገው ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ሸጋ አድርጎ ይሠራል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ይጮኽና ቀጥ ይላል፤ አባቴም አፋቸውን ከፍተው አየር ይፈልጋሉ።

እኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህር ነኝ። "ቮልቴጁን ለከረንቱ አካፍሉ፣ ሬዚስታንስ ታገኛላችሁ፤ አባዙት፣ ፓወር ታገኛላችሁ" እያልኩ ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ደርቋል። መለኪያ ከትምህርት ቤት ተውሼ መጣሁና በዘጠኝ ሰዓት ለካሁ። ቆጣሪው ጋ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ቮልት፤ እኛ ሶኬት ላይ መቶ ስድሳ አምስት። ሃምሳው መንገድ ቀርቷል፤ ማሽኑ በዚህ አይነሳም። በገመዱ የሚያልፈው ሃያ አምፔር ነው። ሃምሳን ለሃያ ሳካፍል የገመዱ ሬዚስታንስ ሁለት ነጥብ አምስት ኦም፤ ሃምሳን በሃያ ሳባዛ አንድ ሺህ ዋት። ለአባቴ ትንፋሽ ሦስት መቶ ሃምሳ ጠፍቶ፣ ያ የተረገመ ገመድ ሺህ ዋት በከንቱ ይሞቅበታል። ንድድ አልኩ።

ይህን ሁሉ ከረንት ማን እንደሚስበው ልይ ብዬ በየቤቱ ዞርኩ። ሦስቱም ቤት ስቶቩ በርቷል። "ምንድን ነው በዚህ ሰዓት የምትጥዱት?" አልኳት የመጀመሪያዋን፣ ፊቴን አጥቁሬ።

"ምነው እቴ፣ ለየኔታ ነዋ" አለች፤ ድስቱን ከፍታ አጥሚቱን አሳየችኝ። ሁለተኛዋም አጥሚት፣ ሦስተኛዋ ሾርባ። አሥር ሰዓት ላይ ሊጠይቋቸው ሲመጡ ትኩሱን ይዘው እንዲገቡ። እኛ ዘንድ ታማሚ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ተመለስኩ።

ለአባቴ ነገርኳቸው። "ነገ በማለዳ እንዲሠሩት እለምናቸዋለሁ" አልኩ።

"ለእኔ ብላ የጣደችውን ሴት ልታሳፍሪያት ነው?" አሉ፣ በየቃሉ እያረፉ። "አንድ ሰዓት ነው፤ እችለዋለሁ።"

"አይችሉትም አባባ። አስልቼዋለሁ።"

"ስሌትሽን ያዢው። ትንፍሽ እንዳትይ፤ ገዝቼሻለሁ።"

አለቀ። ቄስ አባት የገዘተውን ማን ይሽራል? ቁጥሩን ሁሉ ይዤ አፌ ተለጎመ። ፈራሁ፤ ከዚያም አልፎ በአባቴ ተቀየምኩ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑ ቆመ። ጀርባቸውን ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ከንፈራቸው እየጠቆረ ሄደ። የመጀመሪያዋ ጎረቤታችን ከሌሎቹ ቀድማ አጥሚቷን በጨርቅ ጠቅልላ ገባች።

"ዛሬስ እንዴት ዋሉ፣ የኔታ? ፊትዎ ትንሽ ከፍቶታል" አለች። "ነገ ወፈር አድርጌ ነው የምሠራልዎ።"

አባቴ እጃቸውን አንስተው ይመርቋት ጀመር። የሌሎቹ ሁለት ቤቶች ስቶቭ ገና ስላልጠፋ ማሽኑ እንደቆመ ነው። ልጆቿን፣ ቤቷን፣ ጓዳዋን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ በመሃል አየር እየሳቡ ይመርቃሉ። እኔ ጀርባቸውን ይዤ፣ ቶሎ እንዲጨርሱ በየመሃሉ አሜን እላለሁ። እሷ አሜን ስል ደስ ብሎኝ መስሏት ጎንበስ አለችላቸው፤ አባቴም ምርቃቱን ቀጠሉ።