የፓይለቶች ሰዓት

ስዊድን ውስጥ ኖርሾፒንግ ከተማ ባለው የፓይለቶች የጽሑፍ ፈተና አዳራሻችን ሰውየውን ሳየው ይህ አራተኛዬ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ይጠጋል። ነጭ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ግን የማይለቅ ግሪስ አለ። የእጅ ሰዓቱ ከግድግዳው ሰዓት ሁለት ሰዓት ወደኋላ ይላል። ፓይለቶች የትም ሲበሩ የሚጠቀሙበት የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ እሱ ግን እስካሁን የቀጠረው አየር መንገድ የለም።

ይህ የበረራ አቅጣጫና ርቀት የሚሰላበት የአሰሳ ፈተና የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ከወደቀ ያለፋቸው አሥራ ሁለት ትምህርቶች አብረው ይሰረዛሉ።

ተራው እስኪደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ያነበንባል። "የነፋሱ፣ ለ። የነዳጁ፣ ሐ።" የድሮዎቹን ጥያቄዎች መልስ አንድ ሳያስቀር ሸምድዷል።

ኮምፒውተሩ ሲከፈት እጁን አወጣ።

"ይቅርታ፣ ምርጫዎቹ አይታዩም። ተበላሽቶ ይሆን?"

"አልተበላሸም። ከዚህ ወር ጀምሮ አስልተው መልሱን ራስዎ ነው የሚጽፉት። ደብዳቤ ልከንልዎት ነበር እኮ።"

"እሱማ ደርሶኛል" አለ ቀስ ብሎ። "ጥናት ላይ ስለነበርኩ አልከፈትኩትም።"

ስክሪኑ ላይ ባዶውን የመልስ ሳጥን እያየ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ተቀመጠ። ሲወጣ በሩ ጋ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን ፈታ፤ ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ አየና ሁለት ሰዓት ወደፊት አዙሮ ከእኛው ጋር አስተካከለው።