እስከ ኮምቦልቻ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሦስት የሰፈራችን ልጆች በር ላይ ጠበቁኝ። ለጥር ማርያም ግሸን በእግራቸው ሊሄዱ ነው። «መንገዱን አንቺ ታውቂዋለሽ ብለውን ነው፤ እስቲ ንገሪን» አሉኝ። እኔ ሰው ፊት ቃል ቶሎ አይወጣልኝም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈርኩ ስንቴ መውረጃዬን አልፌያለሁ። መንገዱን ግን እውነትም አውቀዋለሁ፤ አንድም ቀን አልረገጥኩትም እንጂ።

ልጅ ሳለሁ እኩዮቼ ሲሮጡ እኔ ገና እማዬ ጀርባ ላይ ነበርኩ። እግሬ አልቆም አለ። እማዬ ያኔ ተሳለች። «እመቤቴ፣ ይህችን ልጅ በእግሯ ካቆምሽልኝ፣ ሁለታችንም በባዶ እግራችን ግሸን ድረስ እንመጣለን» አለች። ዘግይቼም ቢሆን ቆምኩ፤ ሄድኩ። ስለቱ ግን በኑሮ ምክንያት ከዓመት ዓመት እየተገፋ ቆየ። እማዬ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ ነበራት። እስረኛ ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች ስልካቸውንና ቦርሳቸውን እሷ ዘንድ አስቀምጠው ይገባሉ። እኔም ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ካቆምኩ ጀምሮ አጠገቧ እውል ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ መስቀል እንዳለፈ፣ «የዘንድሮ ጥር አያልፈንም» አለች።

ጎረቤታችን ጋሽ ከድር በደሴ መስመር አይሱዙ ይነዱ ነበር። እማዬ ጠርታቸው ቁጭ አሉና መንገዱን ጠየቀቻቸው።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ እኔ በመኪና ሄጄ እንኳን ወገቤ ይቆረጣል። እናንተ በእግር?»

«አንተ መሪ ትይዛለህ፤ እኔ እመቤቴን ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ለእሷ ተዪላት!»

ሳቅን። ከዚያ ጋሽ ከድር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ ነገሩን። ሰንዳፋ፣ ሸኖ፣ ከዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ የሸዋ ሮቢት ሙቀት። ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ የደሴ ዳገት። «ከኩታበር ወዲያ ያለው ደግሞ ድንጋይና ገደል ነው። በጥር ወንዙ ይደርቃል፤ የዛፍ ጥላ እንኳን አታገኙም። ውሃ ሳትይዙ ንቅንቅ እንዳትሉ» አሉ። እማዬ ያን ሰሞን ውሃ አትጠግብም ነበር። እሳቸው እያሉ እንኳን ስንት ኩባያ ጠጣች። «ለአንቺማ የውሃ ቦቴ ከኋላ መከተል አለበት» ብለው ቀለዱባት።

ለስንቅ በሶ አዘጋጀን፤ ጉልበት ይሰጣል ብላ ስኳሩን አበዛችው። እሁድ እሁድ ደግሞ እግራችንን ለማለማመድ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ከአቃቂ ወደ ዱከም እንሄድ ነበር። ኅዳር ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ነፋሱ የገለባ ሽታ ያመጣል። መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ገዝተን እየፈለፈልን እንበላለን። ፀሐይዋ ስትበረታ እኔ አስፋልቱን መርገጥ እያቃተኝ እየዘለልኩ ሣሩ ላይ እወጣለሁ። እማዬ ግን ምንጣፍ ላይ ያለች ይመስል ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

«እማ፣ አያቃጥልሽም?»

«ምንም። ምንም አይሰማኝም።» ቆም ብላ እግሯን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አየሽ ስመኝ? እመቤቴ መንገዱን አቀለለችልኝ።»

ሁለታችንም እዚያው አማተብን። ቤት ስንመለስ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ቀናሁባት። አስፋልቱ የሚያቃጥለኝ እምነት ቢያንሰኝ ነው ብዬ ተደብቄ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ ላይ፣ በብረታ ብረት ፋብሪካዎቹ በኩል አልፈን የገባን ቀን፣ እግሯን ሳጥባት ውስጥ እግሯ ላይ የሽቦ ቁራጭ ተሰክቶ አገኘሁ። «ሳይሰማኝ!» ብላ እንደ ልጅ ሳቀች። ሽቦውን ነቅዬ ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብኩት። እያደር እግሩ አበጠ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ ከዚያ መሽተት ጀመረ። እሷ ግን ስላላመማት «ቀላል ነው» ትላለች። ሐኪም ቤት በግድ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ስኳር ነው አለን። ስኳሩ የእግሯን ስሜት ከገደለው ቆይቷል፤ የሚያቃጥለውም የሚወጋውም የማይሰማት ለዚህ ነው አለ። እማዬ ሰምታው ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «ለጥር ይደርስልኛል?» ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

የንስሐ አባታችን መጥተው «ልጄ፣ እመቤታችን ታውቃለች፤ በመኪና ሂጂ፣ ስለትሽ ይደርሳል» አሏት።

«አባ፣ በእግሬ ብዬ በጎማ?» አለቻቸው። አንዳንድ ሰው «እመቤታችን ለልጅቷ እግር ሰጥታ የእናቲቱን ወሰደች» እያለ ማውራቱን ሰምታለች። ይህን ያለ ሰው ቤቷ እንዲገባ አልፈቀደችም።

ጥር አለፈ። ቁስሉ አልሽር አለ። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ በር ላይ አስቀምጫት እግሯን ስጠቀልል «ስመኝ፣ ዛሬ የት ደርሰናል?» አለችኝ። መጀመሪያ የምትቃዥ መሰለኝ። ፊቷን ሳየው ገባኝ።

«ሰንዳፋ» አልኳት።

«ሰው አሳደረን?»

«አንዲት ሴትዮ አሳደሩን። ባቄላ ቆሉልን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ቃል የማይወጣልኝ ልጅ ያላየሁትን አገር አወራሁላት። ሸኖ ላይ ቅቤ ገዛን፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርበን ተኛን። ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ አጠመቀን። ሙቀት ሲሆንባት ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ሲደክማት ጥላ ሥር አሳርፋታለሁ። እሷም ታርመኛለች። «ከኩታበር ወዲያ ውሃ የለም ብሏል ከድር፤ አስቀድመሽ ቅጂ» ትለኛለች። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፤ በሁለት እግሯ።

በመጨረሻው ቀን «የት ነን?» አለች በቀስታ።

«ኮምቦልቻ ገባን እማ። ነገ ዳገቱን ወጥተን ደሴ ነን።»

«በማለዳ ቀስቅሺኝ እንግዲህ» አለችኝ።

በማለዳ ቀሰቀስኳት። አልሰማችኝም።

ግሸን ለሚሄዱት ልጆች ባለፈው እሁድ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የት ውሃ እንዳለ፣ የት እንደሚበርድ። ኮምቦልቻ ስደርስ አቆምኩ። «ከዚያስ?» አለችኝ አንደኛዋ። ጋሽ ከድር የነገሩኝ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ግን «ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ጠይቁ» አልኳቸው። «ነይ አብረን እንሂድ» አሉኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ቅር አላቸው፤ የኮራሁ መስሏቸው ይሆናል።

የእናት ስለት ለልጅ ይተርፋል ይላሉ። አውቃለሁ፤ ጤነኛ እግር አለኝ፤ መሄድ እችላለሁ። ግን እስከ ኮምቦልቻ ድረስ እማዬ አብራኝ አለች። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የብቻዬ ነው፤ ብቻዬን እንድሄድ ደግሞ አልተሳለችም።