ደወሉን በጋቢ

የትናየት ወልደ ሰንበትን መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የምትታወቀውም በመልኳ ሳይሆን በጭቅጭቋ ነው። ደብረ ሠናይ በምትባል ትንሽ የግል ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ናት። ሥራዋን ሲጠይቋት «ሳቢውን እጠብቃለሁ» ትላለች። ሳቢው ማለት ከማዋለጃው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የተቀመጡ ሁለት ቫኪዩም ፓምፖች ናቸው። አየሩን ከአንድ ትልቅ ጋን እየሳቡ ያወጡታል፤ በዚያ ኃይል በቀዶ ጥገና ላይ ደም ይመጠጣል፣ ገና የተወለደ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረ ንፍጥ ይወጣል።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ወገዳ ላይ ድጓ ያስተምራሉ። ልጃቸው ፓምፕ ጠባቂ መሆኗን ሲሰሙ «ይጮኻል?» ብለው ጠየቁ።

«ሲታመም ይጮኻል፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ከኔ ተማሪዎች ይሻላል። እነሱ የሚጮኹት ደህና ሲሆኑ ነው።»

የሚጮኸው ደወሉ ነው። ፓምፑ ሲግል የሙቀት ስዊቹ ራሱ ያጠፋዋል፤ ወዲያው ደወሉ ይንጫረራል፣ የትናየትም ሮጣ መጥታ ሁለተኛውን ፓምፕ በእጇ ታስነሳለች። በመሀሉ ጋኑ የያዘው ኃይል ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚበቃው።

ችግሩ አስታማሚዎቹ ናቸው። የፓምፑ ክፍል መስኮት ሞቅ ያለ አየር ያወጣል። በክረምት ደግሞ ከጉና የሚወርደው ብርድ ጨርቅ የሚያደርቅ አይደለም። ስለዚህ የሕፃን ጨርቅ ሁሉ እዚያ መስኮት ላይ ይሰጣል። መስኮቱ ሲደፈን ፓምፑ ይግላል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ የትናየትም ትጮኻለች። ጨርቁን አንስታ «ይሄ የማን ነው?» ስትል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ መጡ። ልጃቸው ትዕግሥት ትናንት ወልዳ ከፓምፑ ክፍል ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ሥር ተኝታለች።

«የኔ ልጅ፣ ያ ደወልሽ ልጄን ሊገድልብኝ ነው። አራስ ደንግጣ ጡቷ ቢነጥፍ ማን ሊያጠባልኝ ነው? አንቺ?»

«እማማ፣ የሚጮኸው እኮ መስኮቱ ላይ ጨርቅ ስለምታሰጡበት ነው።»

«እሱን ተይው። ለአንድ ቀን አፉን ያዢልኝ። እናት የለሽም?»

እናት አላት፤ አራስን ማስደንገጥ ነውር መሆኑንም ያወቀችው ከእሷው ነው። ሽቦውን መንቀል ኃጢአት መሰላት። ስለዚህ የራሷን ጋቢ አምጥታ ደወሉን ጠቀለለችው። አጠገቡ ከቆምኩ እሰማዋለሁ፣ አለች በልቧ። እንዲህ ያለ ቂልነት ከዚህች ጎበዝ ሴት መምጣቱ ያናድዳል፤ ግን አደረገችው።

እስከ ስድስት ሰዓት አጠገቡ ቆመች። ከዚያ የቀዶ ጥገና ዕቃ መቀቀያው ተበላሽቷል ተብላ ስትጠራ ግቢውን ተሻግራ ሄደች። ጋቢውን ፈጽማ ረሳችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ቀና ስትል ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን እየጎተቱ በጭቃው ላይ ሲሮጡ አየች። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ እኚህ ሴት ሽንት ቤት እንኳ የሚሄዱት ሰው ተክተው ነበር። አሁን ግን ትዕግሥትን ብቻዋን ጥለው መጥተዋል።

«ግድግዳው ያቃስታል! ደወልሽ ጋቢው ውስጥ ሆኖ ያቃስታል! ማዋለጃ ቤትም የጨርቅ ነጋዴው ሚስት አሁን የወለደችው ልጅ አላለቅስ ብሏል!»

የትናየት እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። መስኮቱ በጨርቅ ተደፍኗል፣ አንደኛው ፓምፕ እንደ ምጣድ ግሏል። ሁለተኛውን አስነሳችው። የመለኪያው ቀስት ግን ቶሎ አይነሳም፤ ጋኑ የያዘው ኃይል አልቋል። ከግድግዳው ማዶ አዋላጇ ሲስተር እድላዊት «ሳክሽኑ! ሳቢው የት ሄደ?» እያለች ትጮኻለች። የትናየት ዓይኗን ከቀስቱ ሳትነቅል «በል እንጂ፣ በል እንጂ» እያለች ለመነችው።

ቀስቱ ከግማሽ አለፈ። ማዶ ያለው ቱቦ ሲንፎለፎል ተሰማ፤ ቀጥሎም ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ። የትናየት ወለሉ ላይ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች።

ማንም አልጠየቃት። ሁሉም «መብራት ጠፍቶ ነው» አለ፤ መብራት ደግሞ ስሙ ከጠፋ ቆይቷል። ዝም ብትል ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሕፃኑ እናት፣ ወደ ነፊሳ አልጋ ሄደች።

«እንኳን ደስ አለሽ። ነፊሳ፣ መብራት አይደለም። ማሽኑ ሲቆም ደወሉ ያልተሰማው እኔ በጋቢ ስላፈንኩት ነው።»

ነፊሳ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ማንም አያውቅም ነበር። ለምን ነገርሽኝ?»

«እንዳልደግመው።»

ነፊሳ ፊቷን አጥንታ አየቻት። ከዚያ ሕፃኑን ከነጨርቁ አንስታ ዘረጋችላት።

«እንግዲያው ያዢው። ምን ያህል እንደሚከብድ እወቂው።»

የትናየት ታቀፈችው። ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ እሷ ግን እንደ ከባድ ሸክም በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችው።