ግማሹ ጋቢ፣ ግማሹ ቡልኮ

ባሌ የሸመነውን ጨርቅ ዓይኔን ጨፍኜ ብዳስሰው በየትኛው ዘፋኝ እንደተሠራ እነግራችኋለሁ። ቀልድ አይደለም። ሸማኔ በእጁ ብቻ አይሠራም፤ ከመሸመኛው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መርገጫ ይረግጣል፤ እግር ደግሞ ዘፈን ይሰማል። ያቺ የምታባብል የሚመስል ድምፅ ያላት ሴትዮ ከተከፈተች ነጠላው ስስ ሆኖ ይወጣል። አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰውዬ ከሆነ መካከለኛ ነው። ጭፈራ ከሆነ ግን በቃ፣ ማጉን እየደበደበ ያስገባውና ጨርቁ ይደድራል። ስለዚህ ደንበኛ መጥቶ "ሳሳ ያለ ነጠላ ነበር የፈለግኩት" ሲለኝ፣ ወደ ውስጥ ዞሬ "ሴትዮዋን ክፈትለት!" ብዬ እጮሃለሁ። አዲስ ሰው ግራ ይገባዋል።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ገበያ ወደ ቁስቋም ሲወጡ ነው። የፊቷ ክፍል የባሌ መሸመኛ ናት፤ ከኋላ እንኖራለን። እኔ ጥጥ እፈትላለሁ፣ እሱ ሸምኖ ያወረደውን እሰፋለሁ፣ ዘርፉን እቋጫለሁ።

ባለፈው ጥር ልጃችንን ዳርን። ባሌ ገና ሽማግሌ የተላከ ዕለት ቃሉን ሰጥቷል፦ "የሙሽራው አባት የሚለብሱት ጋቢ ከእኔ እጅ ነው የሚወጣው።" እኔም ክረምቱን ሙሉ ለዚሁ ስፈትል ከረምኩ።

ጋቢ ማለት ሁለት ረጃጅም ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። ሁለቱ መንታ መሆን አለባቸው። ክብደታቸው እኩል፣ ጫፋቸው ላይ ያለው ጥበብም ስፌቱ ጋ ሲደርስ ግጥም የሚል። አንደኛውን ባሌ የሸመነው በሚወደው ዘፋኝ ነው። ዘፋኙ ካረፈ ቆየ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲዘፍን ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሚያወራችሁ ነበር የሚመስለው። አይቸኩልም። የእሱ ካሴት ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ባሌ ሳንጋባ በፊት የገዛው።

ሁለተኛው ቁራጭ ሊጀመር ሲል ቴፑ ካሴቱን በላው። ባሌ ጥብጣቡን በእስክሪብቶ ሊጠቀልል ታገለ፤ ዕድሜውን ሙሉ የተበጠሰ ክር ሲቀጥል የኖረ ሰው ይሄን መቀጠል አቃተው። ሙሽራዋ ልጃችን አዘነችለትና ትንሽ ስፒከር አምጥታ ከስልኳ የሠርግ ዘፈን ለቀቀችለት።

"ሠርግ አይደል እንዴ አባዬ? ሞቅ በልልኝ!"

ሞቀ። እኔም በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ትከሻዬን ነቅነቅ ሳላደርግ አላልፍም ነበር። ማናችንም ጨርቁን ልብ አላልንም።

ልሰፋ ሁለቱን አልጋ ላይ ስዘረጋቸው ጉዱን አየሁ። አንደኛው ልስልስ ብሎ ይተኛል፤ ሌላው እንደ ምንጣፍ ተገትሯል። ጥበባቸው አይገናኝም። ትከሻዬ ላይ ጣል ሳደርገው ወደ ግራ ጎትቶ አጎበጠኝ።

"ምን ሆነ?" አለ ባሌ።

"ግማሹ ጋቢ ነው፤ ግማሹ ቡልኮ።"

ልጃችን በሳቅ ፈረሰች። እሱ አልሳቀም። መጥቶ ዳሰሰው፣ ገለበጠው፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። "ሸማኔው ልጁን ሲድር የተንጋደደ ጋቢ አለበሰ ይበሉኝ? ወይስ ከገበያ ልግዛላቸው? እኔ? ከገበያ?"

ለሠርጉ የቀረው ሳምንት ነው። ከፈተልኩት የተረፈው ለአንድ ቁራጭ ብቻ ይበቃል፤ እሱም ከተበላሸ ሌላ የለም።

"የካሴቱን ዘፈን በቃልህ ታውቀው የለ? እያንጎራጎርክ ሸምነዋ" አልኩት።

"አፌማ ያውቀዋል። እግሬ ነው የተበላሸብኝ። ቀስ ብዬ እጀምርና ሳላስበው እሮጣለሁ።"

ልጃችን ከስልኳ ፈልጋ አንዱን ከፈተች። ለካ አዳዲስ ልጆች ዘፈኑን እንደገና ሠርተውት፣ ከበሮ ጨምረውበት ጉግስ አስመስለውታል። ባሌ ጥቂት ሰማና "ቆይ፣ ይሄን ልጅ ማን እያባረረው ነው?" አለ።

በዚህ መሃል ጎረቤቴ ለሠርጉ የምታውሰኝን ብረት ድስት ተሸክማ ገባች። ጎረቤቴ ጴንጤ ናት፣ ዘማሪ። ዘፈን ከተወች ብዙ ዘመኗ ነው፤ የእኛ ቴፕ ሲጮህ እንኳ መስኮቷን ዘጋ ታደርጋለች፣ በጨዋ ደንብ። ምን ሆናችሁ ስትለኝ ነገርኳት። ድስቱን መሬት አስቀመጠች።

"ያ ነጭ መሐረብ የሚይዘው?"

"እሱ ነዋ!"

"ሲጨርስ መሐረቡን በሥነ ሥርዓት አጥፎ ኪሱ የሚከተው?"

"አንቺ! ዘፈን ትቻለሁ ስትይ አልነበር?"

"ዘፈን ነው የተውኩት፤ ማስታወስ መቼ ተውኩ?"

ከዚያማ እሷን ማን ያስቁማት! ልጅ ሆና፣ የበዓል ዋዜማ፣ ቴሌቪዥን ያለበት አንድ ቤት መስኮት ላይ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተንጠላጥላ ታየው ነበር። ሌሎቹ ዘፋኞች መድረኩን ሲዞሩት እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው ቅንድቡ ብቻ ነው። ቅንድቡ ከፍ ሲል ሴቶቹ እልል ይላሉ። ባሌም እኔም ቅንድቡን አስታወስነው፤ ሦስታችንም ቅንድባችንን ከፍ ዝቅ ስናደርግ ልጃችን ያበድን መሰላት።

"በሉ ጋሼ ይግቡ" አለች ጎረቤቴ እጅጌዋን ሰብስባ። "ቃሉን አልልም፣ እንዳትጠይቁኝ። ዜማውን እም እያልኩ አጨበጭባለሁ። ጭብጨባ እኛም ቤት አለ።"

ባሌ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እሷ አጨበጨበች፣ እሱ ረገጠ።

"ፈጠኑ ጋሼ!"

"አንቺ ነሽ የፈጠንሽው!"

"እኔ ዘማሪ ነኝ፣ አልፈጥንም!"

እግሩ ቀስ በቀስ ሲመለስ አየሁት። ግን ጎረቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ስታጨበጭብ አትውል ነገር! ልጃችን ዘዴ መጣላት። እንጉርጉሮዋን በስልክ ቀድታ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያለበት ግሩፕ ላይ ለቀቀችው፤ "የዚህን ዘፈን የድሮውን ያለው ለአባዬ ይላክለት፣ ጋቢ ቆሞበታል" ብላ።

ጉድ ፈላ። አንዱ የሌላ ዘፋኝ ዘፈን ልኮ "ይሄም ያሸምናል" አለ። ሌላዋ ያቺን የምታባብል የኛን ሴትዮ ልካ "በዚች ነው የተዳርኩት" ብላ ጻፈች። ሲጠባ ደግሞ ድሮ የሰፈራችን ልጅ የነበረ፣ አሁን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው፣ የቴሌቪዥኑን ቪዲዮ ራሱን ላከልን፦ ዘፋኙ ቀጥ ብሎ፣ መሐረቡን ይዞ፣ ከኋላው የሙዚቃ ባንዱ በአንድ ዓይነት ኮት ተሰልፎ።

ስልኩን የልቃቂቱ ቅርጫት ላይ አስደግፈን ከበብነው። ጎረቤቴም መጣች። "እኔ አልሰማም፣ ማየት ብቻ" ብላ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ያዘች። መዳፏ ግን ላላ ያለ ነበር፤ ቅንድቡ ከፍ ሲል ከሁላችንም ቀድማ እልል ያለችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ያ ዘፈን ሲያልቅ እየተጀመረ፣ ሲያልቅ እየተጀመረ ዋለ። ከእንጦጦ እንጨት ይዘው የሚወርዱት እናቶች በራችን ጋ ሲደርሱ እርምጃቸው ቀስ ይል ነበር። ልጃችን "አባዬ፣ ይሄን ዘፈን ሠርጌ ላይ የከፈተ ሰው ከእኔ ጋር አይተዋወቅም" አለችው። ባሌ በእግሩ እየቆጠረ ነው።

ቁራጩ ወርዶ አልጋው ላይ ስዘረጋው ባሌ ሊያይ አልገባም፤ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ጥበቡን ከጥበቡ አስጠጋሁት። ገጠመ። መርፌዬን አንስቼ መስፋት ጀመርኩ። ክሩን ስቆርጥ የመቀሱን ድምፅ ሲሰማ ራሱ አወቀው።

ግን ጋቢ አልጋ ላይ ሌላ ነው፣ ሰው ላይ ሌላ። ሠርጉ አልፎ፣ የመልሱ ዕለት ባሌ የቀረበለትን ምግብ አልነካም። የሙሽራው አባት ተነሡ፤ ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ናቸው። ባሌ አለበሳቸው። ሰው ሁሉ ፊታቸውን ያያል፣ እኔና ባሌ ጫፉን። በግራም በቀኝም እኩል ወረደ።

"እንዴት ያለ ነው እባካችሁ!" አሉ ሰውዬው፣ ትከሻቸውን እየሞከሩ። "የለበስኩም አልመሰለኝ!"

እልልታው ቀለጠ። ባሌ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና በጆሮዬ፦

"ዶሮ አለ?"

"ቅድም ቀርቦልህ ነበር እኮ።"

"ቅድምማ ማን አየው?"

ጨመርኩለት። ሁለት እንቁላል አደረግኩለት፤ ያን ቀን ይገባዋል።