እትዬ ሰብለ በተቀናቃኙ ሰልፍ ውስጥ

ታላቅ እህቴ እትዬ ሰብለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ካልጋሪ ዶቨር ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው ጋሼ ኤፊዮንግና ልጃቸው ሩት እጃቸውን እንደያዟቸው ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ልባቸው መድከም ከጀመረ ሰንብቶ ነበር፤ ሐኪሞቹም አልደበቋቸውም። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ «ፓርኪንግ አገኛችሁ?» እያሉ ነበር የሚቀበሉት። ለሁላችሁም ደውዬ መድረስ አልቻልኩምና መርዶውን ከዚህ ጽሑፍ የምትሰሙ ወዳጆቻቸው ይቅርታ አድርጉልኝ። ብታለቅሱም ናፍቋችሁ ይሁን እንጂ ለእሳቸው አዝናችሁ አይሁን። እህቴ የወደዱትን ሠርተው፣ በሚወዷቸው ሰዎች መሃል ሆነው ነው የሄዱት።

እኔ ካናዳ ስገባ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ቤዝመንታቸው ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ያላያችኋቸውን እትዬ ሰብለንም አውቃቸዋለሁ። በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አረጋውያኑን የሚንከባከቡ ኬር ኤድ ሆነው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ላመጣቸው ሄጄ፣ ከማንም እጅ አልበላም ካሉ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ዝቅ ያለች ወንበር ስበው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምግቡን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ሰውዬው በወጣትነታቸው ስላረቧቸው ፈረሶች ይጠይቋቸዋል። አንዷ የሥራ ባልደረባቸው ብቅ ብላ «ሰብለ፣ ሺፍትሽ እኮ አልቋል» አለቻቸው።

«ሺፍቴ አልቋል፤ ወሬያችን ግን አላለቀም» አሏት።

ሽማግሌው ሦስተኛውን ፈረስ ሲያነሱ ማንኪያውን ራሳቸው አነሱ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ እህቴ እንዲህ አሉኝ፦ «ቆሜ ሳናግራቸው ለመሄድ የቸኮልኩ ይመስላቸዋል። ስቀመጥ ያምኑኛል።»

ጋሼ ኤፊዮንግን ያገኟቸውም እዚያው ነው። ጋሼ ኤፊዮንግ ከደቡብ ናይጄሪያ የመጡ ኢንጂነር ናቸው፤ ያኔ የካናዳ ላይሰንሳቸውን እስኪያገኙ ድረስ ቅዳሜና እሁድ በዚያ ቤት ይሠሩ ነበር። የተጋቡት በእኛው በአማርኛ ተናጋሪዎቹ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጋሼ በማታ ፕሮግራም ላይ ጉባኤውን «እንደምን አደራችሁ!» ብለው ሰላም ሲሉ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። እህቴ ግን አንድም ቀን አላረሟቸውም። «ተዉት፤ ሰላምታ ነው እንጂ ሰዓት አልተናገረም» ይሉ ነበር።

ስለ ደግነታቸው የምትናገሩ ብዙ ናችሁ። እኔ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ግን አብዛኞቻችሁ ያልነበራችሁበትን፣ እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ ያየሁትን አንድ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋሼ ኤፊዮንግን ያገራቸው ሰዎች በየሳምንቱ ይደውሉላቸው ጀመር። «ና፣ ለሴኔት ተወዳደርልን» ነው ጥያቄው። ጋሼ ያገራቸውን ዜግነት አልተዉም ነበር፤ ለመንደራቸው ውሃ ያስቆፈሩም እሳቸው ናቸው። አንድ እሁድ ምሳ እየበላን ሐሳባቸውን አወጡት።

እህቴ ሹካቸውን አስቀመጡ። «አንተ እኮ እዚህ ለኮሚዩኒቲ ቦርድ እንኳ ተወዳድረህ አታውቅም» አሉ።

«የሰዎቼን መንገድና ክሊኒክ ከዶቨር ሆኜ በስልክ ልጠግን አልችልም፣ ሰብለ።»

እህቴ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው አንተም ከሥራህ ሊቭ ጠይቅ። ብቻውን አንልከውም። ቢያሸንፍም ቢሸነፍም አጠገቡ የሚስቅ ሰው ያስፈልገዋል።»

ሦስታችንም ሄድን።

እዚያ አገር ለሴኔት ከሕዝቡ ፊት ከመቅረብ በፊት መጀመሪያ በራስ ፓርቲ ውስጥ መመረጥ አለ። በጋሼ ክፍለ ግዛት በዚያ ዓመት ፓርቲው የመረጠው ዘዴ ለእኔ አዲስ ነበር። የድምፅ ወረቀት የለም፤ የፓርቲው አባላት በየቀበሌያቸው ይሰበሰቡና የሚፈልጉት ሰው ፎቶ ከተያዘበት ቦታ ኋላ ይሰለፋሉ። ከዚያ አስመራጩ ሰዉን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ማን ማንን እንደመረጠ ጎረቤት ሁሉ ያያል። የጋሼ ተቀናቃኝ ቺፍ ኦኮን የሚባሉ፣ «ቺፍ» በሚል የክብር ማዕረግ በአካባቢው የሚታወቁ የጋሼ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበሩ።

ጋሼን ያሳደጓቸው አክስታቸው ኤካ አሪት ናቸው። «ኤካ» በቋንቋቸው በኢቢቢዮ እናት ማለት ነው፤ የወለዷቸው እናት በሕፃንነታቸው ስለሞቱባቸው ጋሼ ሌላ እናት አያውቁም። እህቴና ኤካ አሪት የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ቢሆንም ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ አብረው ተቀምጠው፣ ለወጥ የሚሆን ፍሬ እየፈለፈሉ፣ አንዳቸው በኢቢቢዮ አንዳቸው በአማርኛ ያወሩ ነበር። እህቴ የተማሩት አንድ ቃል «ሶሶንጎ» ነው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ያቺን ቃል ለሁሉ ነገር ይጠቀሙባታል።

የምርጫው ቀን የቀበሌው ሰው በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተሰበሰበ። ፀሐዩ ከባድ፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። በአንድ በኩል የጋሼ ፎቶ፣ በሌላ በኩል የቺፍ ኦኮን ፎቶ ቆሟል። ሰዉ እየጮኸ፣ እየዘፈነ ወደየመረጠው ሲሄድ ኤካ አሪት በምርኩዛቸው እየተረዱ ገቡ። የእኛ ወጣቶች አጨበጨቡላቸው፤ ከሰልፋችን ፊት ቦታ ለቀቁላቸው። ኤካ አሪት ግን ቆም ብለው ሁለቱንም ፎቶ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ሄደው ከቺፍ ኦኮን ሰልፍ መጨረሻ ቆሙ።

 ከእኛ ወገን ጩኸት ተነሳ። «ልጅሽን ሸጥሽው!» የሚል ነበረ። አንዱ ሄዶ እጃቸውን ይዞ ሊያመጣቸው ሲል ሌሎቹ ያዙት። ጋሼ ኤፊዮንግ ከሰልፋቸው ፊት እንደቆሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። ኤካ አሪት አንገታቸውን ደፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው እዚያው ቆሙ። ቆጣሪው ገና አልመጣም። ከእግራቸው መንቀጥቀጥ ብዙ እንደማይቆሙ ያስታውቃል።

እህቴ አጠገቤ ነበሩ። «ያዝልኝ» ብለው ቦርሳቸውን ሰጡኝ። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ፣ በጠንካራ ካርቶን ላይ የተለጠፈ የጋሼ ትልቅ ፎቶ ነበር። አነሱት። ባዶውን የግቢ መሃል አቋርጠው ሄዱና ከኤካ አሪት አጠገብ ቆመው ካርቶኑን ከራሳቸው በላይ ዘረጉላቸው።

የቺፍ ኦኮን ወኪል እየሮጠ መጣ። «እመቤት፣ በእኛ ሰልፍ ውስጥ የባልሽን ቅስቀሳ ማድረግ ክልክል ነው!»

«ልክ ነህ» አሉት እህቴ። የጋሼ ፊት ወደ ሰማይ እንዲያይ ካርቶኑን ገለበጡት። «ፊቱን አዞርኩት። ጥላው ያው ነው።»

ወኪሉ ሊመልስ አፉን ከፈተና ሳቁ አመለጠው። ከዚያ በሁለቱም ሰልፍ ያለው ሰው ሳቀ። ቆጣሪው የየሰዉን ትከሻ እየነካ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ደረሰና የእህቴን ትከሻ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ «እኔን አትቁጠረኝ፤ አባል አይደለሁም። እሳቸውን ቁጠር» አሉት። ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ እጃቸውን አላወረዱም።

ጋሼ ኤፊዮንግ በገዛ ቀበሌያቸው ተሸነፉ። ውጤቱ ከየቀበሌው ሲሰበሰብም ቺፍ ኦኮን አሸነፉ። አንዳንዶች «ሚስትህ ናት ያሸነፈችህ» አሏቸው፤ ከዚያ ሳቅ በኋላ ሰው ሰልፍ ቀይሯል ብለው። ሲቀያየር እኔም አይቻለሁ። ከየትኛው ወደየትኛው እንደበዛ ግን ልምልላችሁ አልችልም።

 ቤት ደርሰን ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ስንቀመጥ ጋሼ ተናገሩ።

«ሰብለ፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«እናትህ ሊወድቁ ነበር።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ነበረ» አሉ እህቴ። «ሁሉም ቆሞ ያይ ነበር።»

ጋሼ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቆይተው፣ ቁጣው ከድምፃቸው ወጥቶ፣ «ለምን እሱ ጋ ሄዱ?» አሉ።

«ይህን እሳቸውን ጠይቃቸው እንጂ እኔን አትጠይቀኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ኤካ አሪት ቤት አብረን ሄድን። እህቴና እኔ በረንዳው ላይ ቀረን፤ ጋሼ ብቻቸውን ገቡ። ውስጥ የተባለውን ኋላ ጋሼ ራሳቸው ተርጉመው ነገሩን። ኤካ አሪት እንዲህ ብለዋቸው ነበር፦ «አንተ ልጄ ነህ፤ ይህን ሰልፍ አይለውጠውም። እግሬ ሲያብጥ ግን ሐኪም ቤት ያመላለሰኝ ኦኮን ነው። ለሴኔት የሚሆነውን ሰው አሳዩን አላችሁ። እኔም ያየሁትን አሳየሁ።» ጋሼ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ኤካ አሪት እጃቸውን ይዘው እስከ በሩ ተከትለዋቸው መጡ። እህቴ ብድግ ብለው «ሶሶንጎ» አሏቸው። ሁለቱ ሴቶች ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ይስቁ ጀመር።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሌላ ፓርቲ ሁለት ሰዎች መጡ። «ሕዝቡ ያንተ ነው፤ በእኛ ስም ለሴኔት ግባ» አሏቸው። ጋሼ ልባቸው ሄደ። እንዲያውም ለእኔ «ገና አላለቀም!» ብለው ጀርባዬን መቱኝ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። እህቴ ግን ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠብቀው እንዲህ አሉ፦

«እገባለሁ ካልክ አብሬህ ነኝ፤ ካርቶንም እይዛለሁ። ግን ኤካ አሪት እንደገና ይመርጣሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ሁለተኛ ጊዜ በአንተና በኦኮን መሃል ታቆማቸዋለህ?»

 በማግስቱ ጋሼ ሰዎቹን አመስግነው መለሷቸው፤ ከዚያ ተነስተው ቺፍ ኦኮን ቤት ሄዱ። እህቴና እኔ ሊቫችን ስላለቀ ወደ ካልጋሪ ተመለስን። ጋሼ የሴኔቱ ምርጫ እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ቆይተው፣ ከቺፍ ኦኮን ጋር ለእሳቸው እየቀሰቀሱ መንደር ለመንደር ዞሩ። ቺፍ ኦኮን ሴኔት ገቡ። ጋሼ በብርድ ወቅት ሲመለሱ ኤርፖርት ልንቀበላቸው ሄድን፤ እህቴ እቅፍ አድርገው «ሴናተራችን እንኳን ደህና መጡ» ቢሏቸው፣ ጋሼ ከሻንጣቸው ኋላ ሆነው በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ» አሉን። ከሰዓት በኋላ ነበር።

ከዚያ በኋላ የኖሩትን ኑሮ ደስ ብሎኝ ነው የማስበው። ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ከሺፍት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ስልክ ያነሱ ነበር። ኤካ አሪት በኢቢቢዮ፣ እህቴ በአማርኛ፣ እስኪጠግቡ ያወራሉ። ሩት «እማዬ፣ አንዷም ሌላዋን አትሰማም እኮ!» ስትላቸው «ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፤ ደህና ናቸው» ይሏት ነበር። ኋላ ኋላ ጋሼም ስልኩን ይቀበሏቸው ጀመር። ኤካ አሪት ሲያርፉ ጋሼ አጠገባቸው ነበሩ፤ ሁለት ሳምንት ቀድመው ሄደው ነበርና።

ሐሙስ ዕለት በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ከቺፍ ኦኮን የተላከውን መልእክት ጋሼ አነበቡልን። አማርኛውን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት፦ «በዚያ ቀን በሰልፌ ውስጥ ከቆጠርናቸው ሰዎች ብዙዎቹን ረስቻቸዋለሁ። ያልቆጠርናትን ሴት ግን አልረሳኋትም።»

እትዬ ሰብለ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው።

ጋሼ ብቻቸውን አይደሉም። እኔ ቴምፕል ሰፈር ካለው ቤቴ ዕቃዬን ይዤ ተመልሻለሁ፤ ሩትም ለጊዜው ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳለች። ትናንት ምሳ ሠርታልን ጨው አበዛችበት፤ ጋሼ ግን ሁለቴ ጨመሩ። የመዘምራን እህቶች ሶፋው ላይ እየተፈራረቁ ያድራሉ፤ ቤቱ ሰው አላጣም። የሥራ ባልደረቦችዎም መጥተው ነበር። ስለ እርስዎ ያላወቅነውን ብዙ ነገር ነገሩን፤ አልቅሰን ሳንጨርስ ሳቅን።

ለእኔ ያደረጉልኝን አልዘረዝርም፤ ቢሰሙኝ «በቃ፣ ተነስና ሻይ አፍላ» ይሉኝ ነበር። ይህን ብቻ ልበል። ቤትዎ የመጣን እንግዳ በር ላይ ተሰናብተው አያውቁም። በዚያ ሁሉ ብርድ፣ በነጠላ ጫማ፣ እስከ መኪናው ድረስ ይሸኙ ነበር፤ መኪናው ታጥፎ እስኪሰወር ድረስም አይገቡም። ሐሙስ ዕለት እኛም በር ላይ አልቀረንም። ሁላችንም መጣን፤ ፓርኪንግ ጠፍቶ ሰው ከሩቅ በእግሩ ነው የመጣው። መቃብሩ ተሸፍኖ እስኪያልቅም ማንም ፊቱን አላዞረም።

እትዬ፣ ደህና ይግቡ።